ከፎቅ በረንዳ ላይ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ማመንጨት፦ ለከሚሴ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ በሆነችው ከሚሴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈውን አውራ ጎዳና ተከትለው ፎቅ ቤቶች ቆመዋል። በእነዚህ ቤቶች የሚኖሩና የሚነግዱ ዜጎች የቆርቆሮ ጣሪያ የላቸውም፤ ያላቸው ለፀሐይ የተጋለጠ ቦታ በረንዳቸው ብቻ ነው። ኃይል ሲቋረጥ መብራት፣ የእጅ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና በቦርከና ሸለቆ ሙቀት የግድ የሚያስፈልገው የአየር ማራገቢያ በአንድ ጊዜ ይቆማሉ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ በመስመሮች ላይ የደረሰው ጉዳት በርካታ የወሎ ከተሞችን ለረጅም ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ አስቀርቷቸው እንደነበርም ይታወሳል። ስለሆነም «በበረንዳዬ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ባቆም ይጠቅመኛልን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ነዋሪው ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ምን ያህል ኃይል እንደሚያገኝ፣ የትኛው ዕቃ እንደሚያስፈልገውና ከየትኛው አደጋ መጠንቀቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

1. በውጭ አገር የሚታየው የበረንዳ ሶላር ለእኛ ይሠራልን?

የበረንዳ ሶላር ስሙ የገነነው በጀርመን ነው። በዚያ አገር ነዋሪዎች አንድ ወይም ሁለት ሰሌዳ በበረንዳቸው መከለያ ላይ አስረው፣ አነስተኛ ኢንቨርተር አገናኝተው፣ ገመዱን በቤቱ ሶኬት ላይ ይሰካሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የጀርመን ሕግ የእንዲህ ያለውን ኢንቨርተር መጠን እስከ 800 ዋት ከፍ አድርጎታል፤ የተመዘገቡትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል። ይህን በማኅበራዊ መገናኛ የተመለከቱ ወገኖች ያንኑ ዕቃ አስመጥተው ለመትከል ያስባሉ። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ልዩነቶችን መረዳት ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በሶኬት የሚሰካው ሥርዓት ባትሪ የለውም፤ የሚሠራውም የመስመሩ ኤሌክትሪክ ሲኖር ብቻ ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ኢንቨርተሩ በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞችን ላለመጉዳት ራሱን በራሱ ያጠፋል። በመሆኑም ኃይል በጠፋበት ሰዓት፣ ፀሐይ እየበራችም ቢሆን፣ ቤቱ ጨለማ ሆኖ ይቆያል። በጀርመን ዓላማው የወር ክፍያን መቀነስ ስለሆነ ይህ ችግር አይደለም። በእኛ አገር የብዙው ነዋሪ ዓላማ መቋረጥን መሻገር ስለሆነ ግን ይህ ዓይነቱ ሥርዓት የሚፈለገውን አገልግሎት አይሰጥም።

ሁለተኛ፣ ከቤቱ ፍጆታ የተረፈው ኃይል በቆጣሪው በኩል ወደ መስመሩ ይወጣል። አንዳንድ የዲጂታል ቆጣሪዎች ኃይል የሄደበትን አቅጣጫ ስለማይለዩ ወደ ውጭ የወጣውንም እንደ ፍጆታ ይቆጥሩታል። የቅድመ ክፍያ ተጠቃሚ የሆነ ደንበኛ ራሱ ላመነጨው ኃይል ራሱ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የፀሐይዋ አካሄድ ይለያል። ይህን ቀጥለን በዝርዝር እናያለን።

ከእነዚህ ምክንያቶች የተነሣ ለከሚሴ ፎቅ ነዋሪ የሚመከረው ከመስመሩ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ፣ የራሱ ባትሪ ያለውና የራሱን አምፖሎችና ሶኬቶች ብቻ የሚመግብ ራሱን የቻለ ሥርዓት ነው።

2. ፀሐይ በከሚሴ ሰማይ ላይ እንዴት ትሄዳለች?

ኢትዮጵያ በአብዛኛው አካባቢዋ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል በአንድ ካሬ ሜትር አግድም ቦታ ላይ ታገኛለች። ይህ ከአብዛኛው አውሮፓ እጅግ የበለጠ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት የሚገኘው ከአናት በላይ ነው እንጂ ከጎን አይደለም።

ከሚሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በመጋቢት 11 ገደማ፣ ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆኑበት ጊዜ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 79 ዲግሪ ከፍ ብላ ትቆማለች፤ ይህም ከአናት በላይ ማለት ይቻላል። በዚያው ቀን በበርሊን የፀሐይዋ ከፍታ ከ38 ዲግሪ አይበልጥም። በበርሊን በረንዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሌዳ ፀሐይን ፊት ለፊት ሲቀበል፣ በከሚሴ ቀጥ ብሎ ወደ ደቡብ የቆመ ሰሌዳ በመጋቢት እኩለ ቀን ከቀጥተኛው ጨረር የሚያገኘው አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ይህ ብቻም አይደለም። ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ባሉት አራት ወራት ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሌዳ በእኩለ ቀን ቀጥተኛ ጨረር ጨርሶ አያገኝም። እንዲህ ያለው ሰሌዳ የተሻለ የሚሠራው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ በታኅሣሥ 12 ገደማ የፀሐይዋ ከፍታ ወደ 56 ዲግሪ ይወርዳል።

ከዚህ የሚከተሉት ተግባራዊ መደምደሚያዎች ይገኛሉ።

ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ያገኛል። ወደ ምዕራብ የሚያይ በረንዳ ከእኩለ ቀን በኋላ ያገኛል፤ ሆኖም በዞኑ ምዕራባዊ ወገን ያለው ደጋ የምሽቱን ፀሐይ ቀደም ብሎ ሊጋርድ ስለሚችል ቦታው መታየት አለበት።

ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ የሚጠቅመው ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ላይ ተጋድሞ፣ ከመከለያው ወደ ውጭ ወጥቶ ሲተከል ነው። ከአግድም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ሰሌዳ ለከሚሴ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ይህ መጠነኛ ዝንባሌ የዝናብ ውኃ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድም ይረዳል።

ወደ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ፀሐይ የሚያገኘው በአብዛኛው በክረምቱ ወራት፣ ደመና በሚበዛበት ጊዜ ነው፤ ስለዚህ አይመከርም።

በበረንዳው ውስጥ፣ ከላይኛው ፎቅ ወለል ሥር የተቀመጠ ሰሌዳ፣ ፀሐይዋ ከፍ ባለችበት ሰዓት ሁሉ በጥላ ሥር ይውላል። ከሰሌዳው ጥቂቱ ክፍል ብቻ እንኳ በጥላ ቢሸፈን የሚቀንሰው ኃይል ከተሸፈነው ስፋት በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል፤ ምክንያቱም የሰሌዳው ሕዋሶች እርስ በርስ ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው። የተሰጣ ልብስ፣ የሳተላይት ሳህንና የስልክ ምሰሶ ጥላም እንደዚሁ ይጎዳል።

ከመግዛትዎ በፊት በአንድ ጥርት ያለ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት በየሰዓቱ በረንዳዎን ይመልከቱ። ሰሌዳው የሚያርፍበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ፀሐይ የሚያገኝባቸውን ሰዓታት በወረቀት ይመዝግቡ። ከሦስት ሰዓት ያነሰ ከሆነ የበረንዳው ሥርዓት ወጪውን አይመልስም።

3. ምን ያህል ኃይል ያስፈልጋል? ምን ያህልስ ይገኛል?

አንድ ቤተሰብ ኃይል ሲቋረጥ ሊያጣቸው የማይፈልጋቸውን አገልግሎቶች እንደሚከተለው ማስላት ይቻላል።

4 ኤልኢዲ አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 7 ዋት፣ ለ5 ሰዓት፦ 140 ዋት ሰዓት
3 የእጅ ስልኮች፣ በቀን አንድ ጊዜ ሲሞሉ፦ 45 ዋት ሰዓት
40 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን፣ ለ4 ሰዓት፦ 160 ዋት ሰዓት
10 ዋት የሚወስድ ሪሲቨር፣ ለ4 ሰዓት፦ 40 ዋት ሰዓት
25 ዋት የሚወስድ የአየር ማራገቢያ፣ ለ6 ሰዓት፦ 150 ዋት ሰዓት
ጠቅላላ ድምር፦ 535 ዋት ሰዓት በቀን

ከሰሌዳ የሚገኘውን ኃይል ለማስላት የሰሌዳው መጠን በዋት በሙሉ ፀሐይ ሰዓት ይባዛል፤ ከዚያም በሙቀት፣ በአቧራ፣ በገመድና በባትሪ የሚባክነው ተቀንሶ 70 በመቶው ይወሰዳል። ክፍት በሆነ ጣሪያ ላይ 5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት፣ ግማሽ ቀን ፀሐይ በሚያገኝ የምሥራቅ ወይም የምዕራብ በረንዳ ላይ ደግሞ 2.5 ሰዓት ለዕቅድ ይያዛል።

በዚህ ስሌት መሠረት ለተጠቀሰው ቤተሰብ በጣሪያ ላይ አንድ ባለ160 ዋት ሰሌዳ ይበቃል። በበረንዳ ላይ ግን ሁለት ባለ160 ዋት ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ፤ 320 ዋት በ2.5 ሰዓት፣ በ70 በመቶ ሲባዛ በቀን 560 ዋት ሰዓት ይሆናል። በረንዳው ከጣሪያው ጋር ሲነጻጸር ለተመሳሳይ አገልግሎት እጥፍ ዕቃ ይጠይቃል ማለት ነው። ደመና በሚበዛባቸው በሐምሌና በነሐሴ የሚገኘው ኃይል ከዚህ ሊያንስ ስለሚችል፣ በእነዚያ ወራት የቴሌቪዥኑንና የማራገቢያውን ሰዓት መቀነስ ያስፈልጋል።

በረንዳው የማይችላቸውንም ማወቅ ይገባል። አንድ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ያህል ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ቢሠራ የሚፈጀው ኃይል ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ሰሌዳዎች ከስድስት ቀን በላይ ሠርተው የሚያመነጩትን ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ የውኃ ማሞቂያና የልብስ ካውያም ከዚሁ ይመደባሉ። ማቀዝቀዣ ለሚያስፈልገው፣ በተለይ ኢንሱሊንን የመሰለ በቅዝቃዜ የሚቀመጥ መድኃኒት ለሚጠቀም ቤተሰብ፣ በቀጥታ በባትሪ ኃይል የሚሠራ አነስተኛ ማቀዝቀዣ መርጦ ፍጆታውን ለብቻው ማስላት ያስፈልጋል።

የወር ክፍያን በሚመለከት፣ በቀን 560 ዋት ሰዓት በወር 17 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር በየእርከኑ ከፍ የሚል ቢሆንም፣ ይህ መጠን ብቻውን ከፍተኛ ቁጠባ አያስገኝም። የበረንዳ ሶላር ዋና ጥቅሙ ክፍያ መቀነሱ ሳይሆን ኃይል በጠፋበት ሌሊት ተማሪው እንዲያነብ፣ በረመዳን ለሱሑር የሚነሣው ቤተሰብ በብርሃን እንዲመገብ፣ ስልክም ሳይዘጋ እንዲቆይ ማስቻሉ ነው። ይህን ለማግኘት ብሎ የሚገዛ ሰው አይከፋም፤ ቢል ለመቀነስ ብቻ የሚገዛ ግን ይከፋል።

4. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሰሌዳ፦ ባለ160 ዋት ሰሌዳ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ሰሌዳ ሲሞቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያጣል። በሞቃት ቀን የሰሌዳው ገጽ 60 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል፣ ከኋላው አየር የሚያልፍበት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተው።

ቻርጅ ኮንትሮለር፦ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና ፈጽሞ እንዳይራቆት ይቆጣጠራል። ለተጠቀሱት ሁለት ሰሌዳዎችና ለ12 ቮልት ባትሪ 30 አምፒር የሚችል ያስፈልጋል። ያለ ኮንትሮለር ሰሌዳን ከባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ባትሪውን ይገድላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ባትሪ፦ ሁለት ዓይነት በገበያ ይገኛል። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የእርሳስ አሲድ ባትሪ 1 ሺህ 200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ነገር ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መጠቀም አይመከርም፤ ስለዚህ የሚሰጠው 600 ዋት ሰዓት ነው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 80 በመቶው ጥቅም ላይ ስለሚውል 60 አምፒር ሰዓት የሆነው ያንኑ ያህል ያገለግላል። ሁለተኛው ሲገዛ ውድ ቢሆንም ዕድሜው ብዙ እጥፍ ነው። ለመኪና ሞተር ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በየቀኑ መራቆትን ስለማይቋቋም በጥቂት ወራት ይበላሻል። ማንኛውም ባትሪ በሙቀት ዕድሜው ያጥራልና በረንዳው ላይ ሳይሆን በጥላና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ በመኝታ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም።

ኢንቨርተር፦ በባትሪ ቮልት በቀጥታ ለማይሠሩ ዕቃዎች ብቻ ያስፈልጋል። ለቴሌቪዥንና ለሪሲቨር 300 ዋት የሆነ፣ የመስመሩን ዓይነት የተስተካከለ ሞገድ የሚሰጥ ይበቃል። አምፖሎቹና ማራገቢያው በ12 ቮልት የሚሠሩ ቢሆኑ ብክነቱ ይቀንሳል።

ፊውዝና ገመድ፦ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳይደረግ ሥርዓቱ አይጀመርም። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ይሞቃል፤ ኃይልም ያባክናል።

5. አተካከልና የጎረቤት መብት

ከፎቅ የሚወድቅ ሰሌዳ መንገደኛን ይገድላል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ሰሌዳ ላይ የ24 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ግፊት ያሳርፋል፤ ነፋሱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሰሌዳ በሽቦ ወይም በገመድ አይታሰርም። በብሎን በተያያዘ የብረት ማቀፊያ ከመከለያው ጋር ይጠበቃል፤ ማቀፊያው ቢላላ እንኳ እንዳይወድቅ ተጨማሪ የብረት ማሰሪያ ይደረግለታል። መከለያው የዛገ ወይም የተነቃነቀ ከሆነ ቀድሞ ይጠገን።

በጋራ ሕንፃ የሚኖሩ ዜጎች የሕንፃው ውጫዊ ግድግዳና ጣሪያ የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ሀብት መሆኑን መገንዘብ ይኖርባቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተቋቋመ የባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሕንፃ የማኅበሩን ስምምነት በጽሑፍ መያዝ፣ ተከራይ ከሆኑም የአከራዩን ፈቃድ ማግኘት ከኋላ ክርክር ያድናል። ነዋሪዎቹ ከተስማሙ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው መንገድ በየበረንዳው ከመትከል ይልቅ የሕንፃውን ጣሪያ በጋራ መጠቀም ነው፤ ከላይ እንደተሰላው በግማሽ ዕቃ ያንኑ ኃይል ያስገኛልና።

6. ሊታለፍ የማይገባው ማስጠንቀቂያ

አንዳንድ ሰዎች ኃይል ሲቋረጥ የኢንቨርተራቸውን ኤሌክትሪክ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ባለው ገመድ ከግድግዳው ሶኬት ጋር በማገናኘት መላ ቤቱን ለማብራት ይሞክራሉ። ይህ ነፍስ የሚያጠፋ ተግባር ነው። ከቤት የወጣው 220 ቮልት በቆጣሪው አልፎ ትራንስፎርመሩ ሲደርስ ወደ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ከፍ ሊል ይችላል። መስመሩ ተቋርጧል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ በዚህ ይገደላል። የመስመሩ ኃይል ሲመለስም ኢንቨርተሩ ይቃጠላል፤ ቤቱም ለእሳት ይጋለጣል።

የቤቱን ነባር የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በሁለቱም ምንጭ መጠቀም የሚፈልግ ተጠቃሚ ሁለቱ ምንጮች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚያደርግ ማዛወሪያ ማብሪያ (ቼንጅ ኦቨር) በብቁ ባለሙያ ማስተከል አለበት። ከቆጣሪው መስመር ጋር የሚገናኝ ማንኛውም ሥራ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በጽሑፍ ሳይፈቅድ መጀመር የለበትም።

7. ፎቅ ለሌላቸው የዞኑ ነዋሪዎች

በደዋ ጨፋ፣ በደዋ ሐረዋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጂሌ ጥሙጋና በባቲ ወረዳዎች ለሚኖሩ አባወራዎችና እማወራዎች ጣሪያቸው ከማንኛውም በረንዳ ይበልጣል። መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች ከአንድ ሰሌዳ፣ ከጥቂት አምፖሎችና ከስልክ መሙያ የተዋቀረው አነስተኛ የቤት ሶላር ተመራጭ ነው።

በዚህ ረገድ ትምህርት የሚሆነው በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ ናት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አነስተኛ ሶላር ተተክሎላቸዋል። ሥራው ዕቃ በማደል ብቻ አላበቃም፤ በዚያው የሶላር ማሠልጠኛ ተከፍቶ የአካባቢው ወጣቶች ጥገና ተምረዋል፤ ተጠቃሚዎችም ለጥገናና ለባትሪ መተኪያ የሚሆን ወርኃዊ ክፍያ ይከፍሉ ነበር። ለከሚሴ ነዋሪም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ሰሌዳ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያገለግል ሲችል ባትሪ ግን ቀድሞ ይደክማል። ለባትሪ መተኪያ በየወሩ ጥቂት ያላስቀመጠ ቤተሰብ ሰሌዳው እያለ ወደ ጨለማ ይመለሳል።

8. ከመግዛት በፊትና ከመግዛት በኋላ

ሲገዙ የሚከተሉትን ያረጋግጡ፦
በሰሌዳው ጀርባ ላይ የዋት፣ የቮልትና የአምፒር መጠን የተጻፈበት መለያ መኖሩን፤
ለአነስተኛ የቤት ሶላር ከሆነ የቬራሶል የጥራት ማረጋገጫ ያለው መሆኑን፤
ሻጩ የንግድ ፈቃድ ያለውና ደረሰኝ የሚሰጥ መሆኑን፤
የሰሌዳው፣ የባትሪውና የኮንትሮለሩ ዋስትና በየፊናው በጽሑፍ መሰጠቱን፤
የሚተክለው ባለሙያ የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ የያዘ መሆኑን።

ከተተከለ በኋላ በበጋው ወራት አቧራውን ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሰሌዳው ገና ቀዝቃዛ ሳለ በማለዳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። በቀትር በጋለ ሰሌዳ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ መስተዋቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ወደ ውጭ የወጣን ሰሌዳ ለማጽዳት በመከለያው ላይ አይንጠልጠሉ፤ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ይጠቀሙ። ብሎኖቹን ከክረምት በፊትና በኋላ ያጥብቁ። ያረጀ ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም፣ ወደ ቦርከና ወንዝም አይወረወርም፤ ውስጡ ያለው እርሳስና አሲድ ሰውንና ከብትን ይመርዛል። በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 መሠረት አደገኛ ቆሻሻ በጥንቃቄ የሚወገድ በመሆኑ ለሻጩ ወይም ለሰብሳቢ ይመልሱት።

የመስመር መቋረጥን፣ የቆጣሪ ችግርንና የወደቀ ሽቦን ለማሳወቅ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ማዕከል በሆነው 905 መደወል ይቻላል። ከመስመሩ ጋር ለማገናኘት የሚቀርብ ጥያቄ በአቅራቢያ ባለው የአገልግሎቱ ማዕከል ይስተናገዳል። የባለሙያ የብቃት ማረጋገጫን የሚመለከት ጥያቄ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን፣ የቤት ሶላርን የሚመለከት ምክር ደግሞ በየደረጃው ላለው የውኃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል።